የክፍያ ሊስቱ ላይ የሌለው ሰው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፕሮጀክተርና ሳውንድ ሲስተም ነው የማከራየው፣ ሰርግ በለው ስብሰባ በለው ምረቃ ያልገባሁበት የለም፣ አልፎ አልፎ ደሞ ፊልም። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የአካባቢ ጥበቃ ምናምን ፕሮግራም አለን ብሎ አዳራሽ ያዘና፣ አንድ የኛው አገር ልጅ ስለ ጮቄ ተራራ የሠራውን ዶክመንተሪ ሊያሳይ ነው።

ልጁ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ቀደም ብሎ መጣ። ኬብል ስንሰካካ እንዳወራኝ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ማለዳ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፣ ብብቱ ስር እያሞቀ ነበር የሚቀርፀው፣ ካሜራውም የኪራይ ነው። መሃል ላይ መብራት ሄደ (መቼስ!)፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ ሰዉ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ሲያልቅም ቆሞ አጨበጨበ።

ከዛ ሒሳብ መጣ። ገንዘብ ያዧ ሊስቱን ዘርግታ እያስፈረመች ትከፍላለች፣ ለኔ፣ ለጀነሬተሩ፣ ባነር ላተመው፣ ቡና ላፈላችው፣ ወንበር ላመላለሱት ልጆች ሳይቀር። ልጁም ተሰለፈ። "አንተ እዚህ የለህም" አለችው። አስተባባሪው መጣና ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ "ወንድምዓለም፣ ይኼ እኮ ላንተ ማስታወቂያ ነው፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ሲለው፣ ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "ጋሼ፣ እሱ ለሞተ ሰው ነው፣ እኔ ገና የቤት ኪራይ አለብኝ"። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። "ፊልሙ ባይኖር ጀነሬተሩ ምን ሊያበራ ነበር?" ብሎ ዲስኩን ነቅሎ ወጣ።

"ተሠርቶ ያለቀ ፊልም ማሳየት ምን ያስወጣዋል" የሚል አይጠፋም። የኔም ፕሮጀክተር እኮ ተገዝቶ ያለቀ ነው፣ ግን በነጻ አምጣ ያለኝ የለም። ሕጉም ቢሆን ከልጁ ጋር ነው፣ የኮፒራይት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለሕዝብ የማቅረብ መብት የባለቤቱ ነው ይላል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እንኳ «ሳንኮፋ» የሚለውን ፊልሙን አከፋፋይ አልቀበል ሲለው ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ነው ያሳየው፣ በነጻ ውሰዱልኝ ብሎ አልዞረም። የተማሪዎች ክበብ ሳንቲም ሳይኖረው ቢለምነውና እሱም ቢፈቅድ ጥሩ፣ ያ ስጦታ ነው፣ ለባነር በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ግን ምን ሆኖ ነው የሚለምነው?

አሁን ፊልም ነው ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ፕሮፎርማዬ ላይ "የፊልም ማሳያ ክፍያ፣ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገሩበት" የሚል ረድፍ ጨምሬያለሁ። ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንዱ "አንተን ምን አገባህ" ብሎኝ ሌላ አከራይ ጋ ሄደ፣ ይሂዳ። የቡሬዎቹ ግን እዛው ሱቄ ቁጭ ብለው ለልጁ ደወሉለት፣ ከመግቢያው ግማሹ የሱ እንዲሆን ተስማሙ፣ ቅዳሜ ሄደን አሳየን።