በምርጫ ክልላቸው ተሸንፈው ፓርላማ የገቡት የሃለው ሰው

የጀርመን ምርጫ በደረሰ ቁጥር እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ አንድ ክርክር አይቀርም፦ "በምርጫ ክልሉ የተሸነፈ ሰው እንዴት ፓርላማ ይገባል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፣ ሁለተኛ የወጣው ቤቱ ይቀመጣል፤ አለቀ። የጀርመኑን አሠራር ለመረዳት የሶሻል ዴሞክራቱን (ኤስ ፔ ዴ) እንደራሴ የዶክተር ካራምባ ዲያቢን መንገድ መከተል ይበቃል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲያቢ በ1961 ሴኔጋል ውስጥ ማርሳሱም በምትባል ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነት አጥተው እህታቸው አሳደጓቸው። በ1985 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን ሄዱ፤ ላይፕሲግ ላይ ቋንቋውን፣ ሃለ ከተማ ላይ ኬሚስትሪ ተማሩ። በ1996 ዶክትሬታቸውን ያገኙበት ጥናት የሃለ ነዋሪዎች አትክልት የሚያለሙባቸውን ትናንሽ ማሳዎች የሚመለከት ነበር። በ2001 የጀርመን ዜግነት ያዙ፣ በ2008 ፓርቲው ውስጥ ገቡ፣ በ2009 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ፣ በ2013 ቡንደስታግ (የጀርመን ፓርላማ) ገቡ። ከአባልነት እስከ ፓርላማ አምስት ዓመት በዚያ ፓርቲ በጣም አጭር ነው፤ ብዙዎች ከወጣት ክንፉ ጀምረው በሰፈር ቅርንጫፍ ስብሰባ ዕድሜያቸውን ይገፋሉ። በእኔ ግምት መንገዱን ያሳጠረላቸው ከፓርቲው በፊት ከተማውን ከሃያ ዓመት በላይ ኖረውበት ማወቃቸው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የጀርመን መራጭ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል። በግራ በኩል ለሰው፤ አገሪቱ 299 የምርጫ ክልሎች አሏት። በቀኝ በኩል ለፓርቲ፤ ፓርቲው በየፌዴራላዊ ግዛቱ ላቀረበው የዕጩዎች ዝርዝር ማለት ነው። አንድ ፓርቲ ስንት ወንበር እንደሚደርሰው የሚወስነው የቀኙ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ 5 በመቶ ያላገኘ፣ ቢያንስ ሦስት የምርጫ ክልልም ያላሸነፈ ፓርቲ ከክፍፍሉ ይወጣል።

ዝርዝሩን የሐረር ሚኒባስ ተራ አድርጋችሁ አስቡት። ፓርቲው በአንድ ግዛት 4 ወንበር ቢደርሰውና 1 ክልል በቀጥታ ቢያሸንፍ፣ ያሸነፈው ዕጩ ኮንትራት እንዳገኘ መኪና ከሰልፉ ይወጣል፤ የቀሩት 3 ወንበሮች ከላይ ወደ ታች በተራቸው ይሞላሉ። ዲያቢ በ2013 ሃለ ባለችበት በዛክሰን-አንሃልት ግዛት ዝርዝር ሦስተኛ ነበሩ። ሃለ ላይ ተሸነፉ፣ ተራቸው ግን ደረሰ። በ2017ም በዝርዝሩ ገቡ። በ2021 ሃለን ራሱን በቀጥታ አሸነፉ።

ሦስተኛ ቦታ ቀላል አይምሰላችሁ። ኤስ ፔ ዴ ዝርዝሩን ወንድና ሴት እያፈራረቀ ነው የሚሠራው፤ አንደኛው ወንድ ከሆነ ለወንድ ቀጣዩ ክፍት ቦታ ሦስተኛው ነው። ፓርቲው በደከመበት ግዛት ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ቦታ ለስም ያህል ነው። ስለዚህ ትልቁ ፍልሚያ ከሕዝቡ ምርጫ ወራት ቀድሞ፣ የፓርቲው ልዑካን በተሰበሰቡበት አዳራሽ ያልቃል። ሕጉም እዚያ ላይ ጥብቅ ነው፦ ድምፁ በምስጢር ይሰጣል፣ ማንኛውም ድምፅ ሰጪ ተሳታፊ ዕጩ መጠቆም ይችላል፣ ዕጩው ሐሳቡን የሚያስረዳበት ጊዜ ይሰጠዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጣስ የሚመጣውን ዛርላንድ አሳይታለች። በ2021 የግዛቱ አረንጓዴዎች ፓርቲ ስብሰባ የአንድ አካባቢ ልዑካንን ስላገደ የፓርቲው ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሆነ፤ በዚያ ግዛት በቀኙ በኩል አረንጓዴን መምረጥ የፈለገ ሰው ፓርቲውን ወረቀቱ ላይ አላገኘውም።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ለውጥ መጥቷል። የ2021ዱ ፓርላማ 736 አባላት ስለነበሩት በ2023 ሕጉ ተሻሽሎ ቁጥሩ 630 ላይ ተቆለፈ። አንድ ክልል ማሸነፍ ብቻውን ወንበር አያስገኝም፤ የፓርቲው የቀኝ ድምፅ ሊሸፍነው ይገባል። በ2025 ምርጫ 23 ሰዎች ክልላቸውን አሸንፈው ውጭ ቀሩ። አቦ፣ የከዚራው ጥያቄ ተገለበጠ!

ስለ ሥራው በአጭሩ። በስብሰባ ሳምንት ማክሰኞ የፓርቲው ቡድን ይመክራል፣ ረቡዕ ጠዋት ቋሚ ኮሚቴዎች ይቀመጣሉ፣ ሐሙስና ዓርብ በአብዛኛው የምልዓተ ጉባኤ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ባዶ ወንበር ሁሉ ሥራ የፈታ ሰው ወንበር አይደለም፤ ሕጉ የሚበስለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ደመወዙ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በወር 11,227.20 ዩሮ ነበር፣ ግብር የሚቆረጥበት። የረዳቶቹን ደመወዝ ፓርላማው በቀጥታ ለሠራተኞቹ ይከፍላል፤ እንደራሴው ዘመዱን ቢቀጥር ግን ከራሱ ኪስ ነው።

ስብሰባ በሌለበት ሳምንት እንደራሴው ክልሉ ውስጥ ባለው ቢሮ ባለጉዳይ ያነጋግራል። በጃንዋሪ 2020 የዲያቢ የሃለ ቢሮ መስኮት ላይ የጥይት ቀዳዳዎች ተገኙ፤ በ2023 ደግሞ ቢሮው ላይ እሳት ተለኮሰ። በ2024 እንደገና እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፣ በ2025 ፓርላማውን ለቀቁ።

ጀርመን ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩት፦ ኤስ ፔ ዴ ውስጥ ለመግባት 14 ዓመት መሙላት እንጂ የጀርመን ፓስፖርት አይጠየቅም። በ2018 ፓርቲው ጥምር መንግሥት ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ ተብሎ አባላት ሲጠየቁ የውጭ ዜጎችም ድምፅ ሰጥተዋል። የፓርላማ ዕጩ በሚመረጥበት ስብሰባ ግን ድምፅ ያለው በዚያ ቀን ለቡንደስታግ መምረጥ የሚችል አባል ብቻ ነው፤ 18 የሞላው ጀርመናዊ ማለት ነው። ከጁን 2024 መጨረሻ ወዲህ ጀርመን "የድሮ ዜግነትህን ተው" አትልም፣ የሚጠበቀው የመኖሪያ ጊዜም ከ8 ወደ 5 ዓመት ወርዷል። የእኛ ሕግ ግን ጥምር ዜግነት አያውቅም። ዘመዳችሁ የጀርመኑን ሲይዝ የኢትዮጵያውን ያጣል፤ በምትኩ የሚያወጣው ቢጫ ካርድ ድሬ ላይ ያኖረዋል፣ ያሠራዋል፣ ለመምረጥም ለመመረጥም ግን አያበቃውም።