ቅድመ አያቶቼን በመሬት መዝገብ ውስጥ አገኘኋቸው

ዘር መቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ግን ቆጠራው በአፍ ነው፤ ቆጣሪው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ በወጉ የተጀመረው ደግሞ ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። የቅድመ አያቱን የልደት ወረቀት የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። የሰሜን ሸዋ ዘመዶቼን ፍለጋ ስጀምር መንገዱን የከፈተልኝ መሬት ነው። ድሮ በጽሑፍ የሚሰፍረው የመሬት ጉዳይ ነበር፤ ማን ገበረ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ወረሰ፣ ማን ማንን ከሰሰ። መሬቱን ስከተል ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

የጀመርኩት ከቤት ነው። አክስቴ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጧቸው የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኞች ነበሩ። ደረሰኝ የርስት ማስረጃ ስለነበር እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቅ ነበር፤ ብዙ ቤት ዛሬም አይጠፋም። ላዩ ላይ የገባሪው ስም ከነአባቱ፣ የቦታው ስምና ዘመኑ አለ። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ የቦታው ስም ነው። ዛሬ ማንም የማይጠራው የጎጥ ስም ነበር። ለአክስቴ ሳነብላቸው፣ "እሱማ ከጊዮርጊስ በታች ያለው ነው" አሉኝ። የትኛው ደብር መሄድ እንዳለብኝ ያኔ አወቅኩ።

የደብር ወንጌል በዚያ ዘመን የውል መዝገብም ነበር። ማንም እንዳይክድ ተብሎ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ ይጻፋል። የፈቃድ ደብዳቤ ይዤ ነበር የሄድኩት። ቄሰ ገበዙ ግን አስቀድመው "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። አያቴን ስጠራላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ወንጌሉን የገለጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነካሁትም። ጽሑፉ አጭር ነው። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስ፣ እማኞች፣ መጨረሻ ላይ "በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን" የሚል ግዝት። ምንጅላቴ ከእማኞቹ መሀል ናቸው። ሻጭና ገዢን ብቻ አይቼ ብመለስ ኖሮ ያመልጡኝ ነበር።

ዓመተ ምሕረት አልተጻፈም። "በዘመነ ማርቆስ፣ በክፉ ቀን" ይላል። ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመጣ ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሀል ቀሪው 2 የሚመጣው 1882 ላይ ብቻ ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚታረስበት በሬ ጠፍቶ ሰው ያለቀበት ጊዜ። የመሬቱ ዋጋ በእህል የተከፈለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓፄ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ናቸው። ገበሬው የፈረስ ስም ባይኖረው እንኳ የክርስትና ስም አለው። አንድ ሰው ደረሰኝ ላይ በአንዱ፣ ደብር ውስጥ በሌላው ስም ሊገኝ ይችላል። እኔ የማረጋግጠው በአባት ስምና በቦታ ነው። ውጭ አገር ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ ብዙ የሸዋ ብራናዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ኅዳጋቸውን እዩ።

ሴቶቹ ግን ደረሰኝ ላይም ወንጌል ላይም አልነበሩም። እነሱን ያገኘሁት በርስት ክርክር መዝገብ ነው። አጽመ ርስት፣ ማለት በዘር የሚወረሰው መሬት፣ በአባትም በእናትም ወገን ይጠየቃል። ስለዚህ ከሳሹ ድርሻውን ለማስረዳት ከአቅኚው፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ ያስመዘግባል፤ ተከሳሹም እንዲሁ። የካቲት 1967 መሬት የመንግሥት ሲሆን ክርክሩ ቆመ። መዝገቡ በየፍርድ ቤቱ ተከምሮ ቀረ። ያየሁትን ክምር ዝናብና አይጥ ግማሹን ጨርሰውታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ የስንቱ ቤተሰብ ሐረግ እዚያ አለ! ከተረፈው ውስጥ የአያቴ አጎት የሰጡት ቃል ተገኘ። ቤተሰቡ "የአባታችን ርስት" ሲለው የኖረው መሬት የመጣው በአንዲት ሴት በኩል ነው። ስሟን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አክስቴም አያውቋትም ነበር።

አሁን የእሷን ወገን እየፈለግኩ ነው። ወንድሟ በሌላ ክርክር ተከሳሽ ሆኖ ቀርቧል። የመዝገቡን ቁጥር ይዣለሁ፤ መዝገብ ቤቱ እንዲፈልግልኝም ማመልከቻ አስገብቻለሁ።