ጀሪካን እሰር

የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። የጥምቀት ሰሞን ቪዲዮ ላከልኝ፦ በረዶ የሆነ ሐይቅ መሀል ወንበር ዘርግቶ፣ ሰሐን በምታህል ቀዳዳ መንጠቆ ጥሎ ቁጭ ብሏል። አክስቴ አይታ «ኧረ በእመቤቴ!» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ደወልኩለት። «ቢሰበርስ?»

እየሰረሰሩ እየለኩ ነው አሉ የሚሄዱት። ጥርት ያለው በረዶ 10 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ በእግር አይወጡበትም፤ ነጣ ያለው ጉልበቱ ግማሽ ስለሆነ እጥፍ መወፈር አለበት። ወንዝ ወደሚገባበት በኩል አይጠጉም። አንገቱ ላይ ደግሞ ሁለት ሹል ብረት በገመድ አንጠልጥሏል። ከሰመጠ ፊቱን ወደመጣበት አዙሮ በረዶውን እየወጋ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ አይቆምም፣ እየተንከባለለ ይርቃል። የመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ናት። ከዚያ እጅ የሚታዘዘው 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

እኔን የያዘኝ ብረቱ አንገቱ ላይ መሆኑ ነው። ቦርሳ ውስጥ አይደለም። እኛ ባሕር ዳር ጀልባ ስትሳፈር ላይፍ ጃኬቱን ወይ ወንበር ስር ታጭቆ ታገኘዋለህ፣ ወይ ሰው ተቀምጦበት።

ጣና በረዶ ባይሠራም አመል አለው። ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይነሳል፤ ሞገዱ አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ጠዋት ረግቶ ያየኸውን ሐይቅ ከሰዓት አታምነውም። ማታ መረቡን ጥሎ ጎህ ሲቀድ የሚያነሳ ሰው ነፋሱ ሳይቀድመው ይመለሳል። የምፈራው «ትንሽ ቀረሶ አሳ ልጨምር» ብሎ ስድስት ሰዓት የሚያልፍበትን ነው።

ታንኳውም ቢሆን ከደንገል ቄጠማ የታሰረ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ዳር ሲደርስ አቁመው ፀሐይ የሚያሰጡት ለዚህ ነው። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ታንኳ ሲመርጡ ከላይ አያዩም። ጎንበስ ብለው የሆዱን እስር በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፤ ውሃ ፊጭ ካለ «ይሄ ዛሬ ይደር» ብለው ያልፉታል። ጎረምሶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ቢገለበጥብህ ታንኳውን አትልቀቅ፤ የራሰ ደንገልም ይንሳፈፋል። ዋና እችላለሁ ብለህ ወደ ዳር አትነሳ፣ ዳሩ ከውሃ ላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል። የመረብ ገመድ እግርህ ላይ አትጠምጥም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ወጥቶ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ልክ አንተ መረብ ልታነሳ በምትወርድበት ሰዓት። መንገዱ ላይ አትቁም።

ላይፍ ጃኬት ከሌለህ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቀህ በአጭር ገመድ ከታንኳው ጋር እሰር፣ ከኋላህ ሳይሆን እጅህ በሚደርስበት። የዘይት ከነበረ በኦሞ እጠበው፤ ያንሸራትታል።