ትል ልታረቡ ካሰባችሁ ከከተማ ቆሻሻ የተሰራ ኮምፖስት አታስገቡ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቨርሚ ኮምፖስት (በትል የሚብላላ ኮምፖስት) አመርታለሁ። ሳጥን መስራቱ፣ ጥላው፣ የበረደ እበት ከጭድ ጋር መደባለቁ ቀላል ነው፣ ማንም ይችለዋል።

ያቃጠለኝ የትሎቹ ምግብ ነው። አንድ ቢሮ ከከተማ ቆሻሻ የተሰራ ኮምፖስት በነፃ ያድላል ተባለና አመጣሁ፣ ባለሙያው ደግሞ "በወንፊት ንፋው፣ ምንም አይልም" ብሎ ሸኘኝ። ምንም አይልም! ትልልቁ ፌስታል ወንፊቱ ላይ ቀረ፣ ፀሐይ የበላው ግን እዛው እየተፈተገ ፍርፍር ብሎ ከኮምፖስቱ ጋር አለፈ። አንድ ሳጥን ላይ እንደጨመርኩት ትሎቹ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው መውጣት ጀመሩ። በፕላስቲኩ ብቻ ነው አልልም፣ ያልበሰለ ኮምፖስትም ትል ያባርራል።

ከዛ ጭብጥ ሙሉ ወስጄ ብርጭቆ ውስጥ በጨው ውሃ በጠበጥኩት። ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት ክር ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል (የሃይላንድ ጠርሙስ ስብርባሪ ግን ይሰምጣል፣ እንዳያታልላችሁ)። ጭድም ስለሚንሳፈፍ መርፌ አግሉና ንኩት፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል ወይ ይጠቀለላል። ሰማያዊ ክር፣ ጥቁር ቅዳጅ፣ ምን የሌለ አለ።

ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነው ነው ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የሆላንድ ጥናት ላይ ከምግባቸው 28 በመቶና ከዛ በላይ ፕላስቲክ የተቀላቀለባቸው የመሬት ትሎች በ60 ቀን ውስጥ ፕላስቲክ ካልተቀላቀለባቸው ይበልጥ ሞተዋል፣ እድገታቸውም ቀንሷል። መጠኑ ከባድ ነው፣ የኛ አፈር እዛ አይደርስም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ግን ትሉ ራሱ በጉድጓዱ ይዞት ወደታች ይወርዳል፣ የኛ መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ደግሞ በጋ ላይ ሲሰነጠቅ ከላይ ያለውን ሁሉ ይውጣል። አንዴ ከገባ በምን ታወጡታላችሁ? 0.03 ሚሊሜትርና ከዛ በታች የሆነ የማይበሰብስ ስስ ፌስታል ማምረትና ከውጭ ማስገባት እኮ ገና በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ 513/1999 ተከልክሎ ነበር፣ ግን ይኸው ኮምፖስት ውስጥ!

ስለዚህ ባለሙያ ምንም ቢላችሁ በወንፊት አትተማመኑ። ፌስታል የሚለቀመው ገና ሙሉ እያለ፣ ከመብላላቱ በፊት ነው። እኔ አሁን የማስገባው እበትና ጎረቤቶቼ በባልዲ ለይተው የሚሰጡኝን የአትክልት ልጣጭ ብቻ ነው። ሳጥኑንም በማዳበሪያ ከረጢት አትሸፍኑ፣ ፀሐይ ሲመታው ክሩ እየተበጣጠሰ ይረግፋል፣ ጆንያ ወይ የሙዝ ቅጠል ይሻላል። ትል ስትገዙም ሻጩን ምን እያበላ እንዳሳደጋቸው ጠይቁት፣ መልሱ ካላማራችሁ ሌላ ፈልጉ።