ከቴስቱ በኋላ የቀረው ዳታ

ዛሬ የዋልኩት ከአንድ የብሮውዘር ቴስት ጋር ነው፤ ብሮውዘር ከፍቶ ድረ ገጹን እንደ ተጠቃሚ የሚሞክር ኮድ ማለት ነው። ለብቻው ራን ሲደረግ ያልፋል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን አንዳንዴ ይወድቃል። እንዲህ ሲሆን ቀድሜ የማየው ዳታቤዙን ነው። ከፊቱ የነበረው ቴስት የመዘገበው ኢሜይል እዚያው ቁጭ ብሏል። አዲሱ በዚያው ኢሜይል ሊመዘገብ ሲል «ይህ ኢሜይል ተይዟል» ይባላል።

ብሮውዘር በሌለበት ቴስት መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁሉን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች) ውስጥ አድርጎ መጨረሻ ላይ ሮልባክ ማድረግ፣ ማለትም መሰረዝ። ብሮውዘር ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ቴስቱ በራሱ ኮኔክሽን (ከዳታቤዙ ጋር ባለው ግንኙነት) ዳታ ያስገባል፤ ብሮውዘሩ የሚያናግረው ሰርቨር ደግሞ በሌላ ኮኔክሽን ያነባል። ኮሚት ያልተደረገ (ገና ያልጸደቀ) ዳታ በዚያኛው በኩል አይታይም። ተጠቃሚውን አሁን ፈጥራችሁት፣ የሎግኢን ገጹ «አላውቀውም» ይላል። ስንቱ ጎበዝ ልጅ በዚህ የተነሳ ፓስወርድ ሲያጣራ ይውላል!

የዌብ ፍሬምወርኩ (ድረ ገጽ መሥሪያው) ሬይልስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ቨርዥን 5.1 ጀምሮ ቴስቱና ሰርቨሩ አንድ ኮኔክሽን እንዲጋሩ አድርጓል። የሌላው ፍሬምወርክ የጃንጎ ላይቭ ሰርቨር ቴስት ደግሞ ከእያንዳንዱ ቴስት በኋላ የዳታቤዙን ቴብሎች ባዶ ያደርጋል። ይዘገያል፣ እኔ ግን የበለጠ የማምነው እሱን ነው።

የኛም ፕሮጀክት የሚያጸዳው እንደዚያ ነው። ታዲያ ኢሜይሉ ከየት መጣ? ቴስቱ «መዝግብ» የሚለውን ተጭኖ መልሱን ሳይጠብቅ ያልቃል። ቴብሉ ይጸዳል። ሪኩዌስቱ (ብሮውዘሩ ለሰርቨሩ የላከው ጥያቄ) ግን ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ከጽዳቱ በኋላ ደርሶ ኢሜይሉን ያስገባል።

አሁን ቴስቱ «ተመዝግበዋል» የሚለው ጽሑፍ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጽዳቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ራን አደረግኩት፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ነገ ተመሳሳይ ቁልፍ የሚጫኑትን ሌሎቹን ቴስቶች አያለሁ።