ጭራቅ በፎቶ ኮፒ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገጸ ባሕርይ እየሆኑ ታሪክ በሚጫወቱበት የጠረጴዛ ጨዋታ እኔ መሪ ነኝ። ጓደኞቼ ጀግና ይሆናሉ፤ ባለ 20 ገጽታው ዳይስ ይፈርድባቸዋል። ታሪኮቹን አሁን በትንንሽ መጽሐፍ ማሳተም ጀምሬያለሁ። ደንቡን ከዜሮ መፈልሰፍ የለብኝም፦ የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሆነው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ደንብ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን ጠቅሶ መሸጥም ይቻላል።

ጣጣው ወረቀቱ ላይ ነው። አንድ ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ መጽሐፏ ወይ 16 ወይ 20 ገጽ ናት። ጽሑፉ 18 ላይ ካለቀ በቀሩት ሁለት ገጾች ካርታ እስላለሁ። (ካርታ ያስጠላው ተጫዋች አላየሁም።) ተራ ስቴፕለር ደግሞ መሃል እጥፋቱ ድረስ አይደርስም፤ ክንደ ረጅሙን መፈለግ ነው።

አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳልኝ ልጅ ገጾቹን ሲደረድር፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ጭራቅ 45 ነጥብ ሕይወት አይበዛበትም?» አለኝ።

አልቀንስም።