የአክስቴ ሱቅ ዛር

ጎንደር ፒያሳ ያለው የአክስቴ የባህል ዕቃ ሱቅ ማታ ማታ ያንጎራጉር ነበር። ሬዲዮ እንዳትሉኝ፣ ሬዲዮው ከተበላሸ ቆይቷል። ሰው ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ሲያዜም የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነው። ቀን ላይ አይሰማም። ቀን ላይ ከባጃጁና ከሙዚቃ ቤቱ ጩኸት የተነሳ እንኳን መንፈስ፣ ዋጋ የሚከራከር ደንበኛም በደንብ አይሰማ። ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ጭር ሲል ነው የሚጀምረው። እምምምምም።

ሱቁ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ከገባ አንዱ መሶብ ላይ ይቀመጣል። መደርደሪያው ላይ ከወለቃ የሚመጡ የሸክላ ምስሎችና ጀበናዎች አሉ። ጥጉ ላይ ጧፍ በእስር በእስር ተቆልሏል። በግራ በኩል ፀጉር ቤት፣ በቀኝ በኩል ጠጅ ቤት ያዋስነናል፤ ከጠጅ ቤቱ ዝንቡም፣ ንቡም፣ ሰካራሙም እየተሳሳተ እኛ ጋ ይገባል። ቤቱ ጣሊያን የሠራው ስለሆነ ጣሪያው ሩቅ ነው። አክስቴም ቦታ ሲጠባት ዕቃውን ወደ ላይ ትሰቅላለች። ከበሮው፣ አገልግሉ፣ ለጌጥ ብላ የገዛችው ያረጀ ቀፎ፣ ሁሉም በገመድ ተንጠልጥሎ አቧራ ይጠጣል። ከመካከሉ እኔ ሳልወለድ የተሰቀለ ዕቃ ቢኖር አይገርመኝም።

ድምፁን መጀመሪያ የሰሙት ዘበኛው ናቸው። የድሮ ወታደር ናቸው፤ በዋዛ የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። አንድ ጠዋት በሩን ልከፍት ስደርስ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ትናንት ሰው ቆልፈህበት ነው የሄድከው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማንን?»

«እንጃ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ነው ያደረ።»

በሚቀጥለው ማታ አብሬያቸው ቆየሁ። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። እምምምምም። ፀጉሬ ቆመ። ዘበኛው ግን አስበውበት ኖሮ መልሱን አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ።

«ጣሊያን ነው» አሉ።

«የት ያለ ጣሊያን?»

«ጣሊያን መጨረሻ እጁን የሰጠው የት ነው? እዚሁ ጎንደር፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. አይደል? ጄኔራሉ እጅ ሲሰጥ ሁሉም ሰማ። ይሄኛው አልሰማም።»

«እና እዚህ ምን ይሠራል?»

«ትዕዛዝ ይጠብቃል።»

ፀጉር ቤቷ ይሄን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። ጎንደር ተቀምጦ ለመንፈስ ጣሊያን መፈለግ ምን ይሉታል? ዛር አልቆ ነው? «እትዬ» አለቻት አክስቴን፣ «ይሄ የለየለት ዛር ነው። ግብሩ ተቋርጦበት ነው የሚያጉረመርመው።» ከዚያ ዛሩ የሚወደውን ዘረዘረች። ቡና ይወዳል፤ እስከ በረካ ይጠጣ። ሽቶ ይወዳል። ሹሩባም ይወዳል። አክስቴ ከሦስቱ በሹሩባው ላይ ትንሽ ተጠራጠረች። ቢሆንም ተሠራች፤ ከፈለችም። በዚያው ማታ ድምፁ ጨመረ።

አክስቴ ግን አጥባቂ ክርስቲያን ናት። የዛሩን ነገር ለጎረቤት ብላ ነው እንጂ ልቧ ያለው ጠበሉ ላይ ነው። የአርባ አራቱን ታቦት ስም እየጠራች አራቱንም ማዕዘን ረጨች። እኔንም ረጨችኝ። ጠበሉም አልበቃ ሲላት የጠላ ጋኗን የምታጥንበትን ወይራ ከቤት ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ በየማታው ሱቁን ልንዘጋ ስንል ከሰል ይቀጣጠላል፣ ወይራው ይጨመራል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወጣል። እኛ ዓይናችን እየቀላ፣ ስናስነጥስ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

መንፈሱ ግን ወፍ የለም። እንዲያውም ተመቸው መሰለኝ፣ ድምፁ ወፈረ።

በስልክ ቀድቼ ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። አዲስ አበባ ያለው ያጎቴ ልጅ «የፍሪጅ ሞተር ነው» አለ። ፍሪጅ የለንም። ዋሽንግተን ያለው አጎቴ «ቤቱን ሽጡት» አለ። እሱ እንኳ ይሄን የሚለው መንፈስ ሳይመጣም ነው።

ቁም ነገር የተናገሩት ጧፍ ሊገዙ የመጡት መሪጌታ ብቻ ናቸው። በአታ አቋቋም ያስመሰከሩ፣ ዜማ የጠገቡ ሰው ናቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ እየመቱ አዳመጡ። እኛም ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው ሊሉን ነው ብለን ጠበቅን።

«ትንፋሽ አይወስድም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን አሉ አባ?»

«ሰውም ቢሆን፣ የሰው መንፈስም ቢሆን፣ የሚያዜም ትንፋሽ ይወስዳል። ይሄ አንድ ጊዜም አልወሰደም። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ናቸው።»

ማረጋጋታቸው መሆኑ ነው። ጧፋቸውን ይዘው ሄዱ። ዘበኛው ወዲያው «ሻለቃ ጦር ነው ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ደግሞ ምራቁ መጣ። ለጥር ሙሽራ የታዘዘ ነጭ ቀሚስ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ጠዋት ትከሻው ላይ ቢጫ ጠብታ ተገኘ፤ ሲነኩት የሚያጣብቅ፣ ጣት ላይ ክር የሚሠራ። አክስቴ አማተበች። እኔ፣ የተማርኩት ሰው፣ «ጧፍ ቀልጦ ነው» ብዬ አስረዳሁ። ጧፉ ያለው መሬት ላይ ነው። ጠብታው ያለው ቀሚሱ ትከሻ ላይ ነው። ማንም አልተከራከረኝም።

በዚህ መሀል ነው ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች ሴት ሱቃችን የገባችው። አክስቴ የዲያስፖራ ደንበኛ ስታይ ድምጿ ይለሰልሳል፤ ዋጋው ግን አይለሰልስም። ሴትዮዋ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«ያ ከበሮ ስንት ነው?»

«እሱ ቀፎ ነው» አልኳት። አክስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ውጣና አውርድላት» አለችኝ።

መሰላሉን አቁሜ ወጣሁ። ቀፎውን ከገመዱ ላላቅቀው ከሥሩ ያዝ አድርጌ ከፍ ሳደርገው አልነሳ አለኝ። ደግሞ ሞቅ ይላል።

«እቴቴ፣ ይሄ ነገር ከባድ ነው!»

«ድሮ ዕቃ ሲሠሩ አይሰስቱም ነበር!» አለች ወደ ደንበኛዋ ዞራ።

«እስቲ መታ አድርገው» አለች ሴትዮዋ፤ «ድምፁን ልስማው።»

ከበሮ ሲገዛ ድምፁ ይሰማል፤ ትክክል ናት። በመዳፌ ደለቅ አደረግሁት። ድም።

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ከቀፎው አፍ ዛሩም፣ ጣሊያኑም፣ ሻለቃ ጦሩም ባንድ ላይ ወጡ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መሶቦቹ ላይ ነው ያረፍኩት። አክስቴ በዕድሜዋ የማይጠበቅ ፍጥነት አሳይታ፣ የትልቁን መሶብ ክዳን ራሷ ላይ ደፍታ መንገድ ተሻግራለች። ሴትዮዋ ፀጉር ቤት ገብታ ጭንቅላቷን ካስክ ውስጥ ከተተች። ዘበኛው ጩኸቱን ሰምተው ዱላቸውን ይዘው ደረሱና በሩ ላይ ቆመው «እጅህን ስጥ!» ብለው አምባረቁ። ወዲያው እሳቸውም ሮጡ። ጠጅ ቤት የነበረው ሰው ብርሌውን በመዳፉ ከድኖ ወጣ፤ ፊቱን የከደነ ግን አላየሁም።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው ንብ ነው ይባላል» ብሎ ጀመረ። ሌላው «እሱስ ደርቡሽን ነው ያባረረው፤ እሷን ለምን ያባርራታል?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ አንድ ድምፅ «ዋጋ ጨምራ ነዋ!» አለ። አክስቴ ክዳኑን ከራሷ ከፍ አድርጋ ተናጋሪውን ፈለገች። አላገኘችውም።

ሲመሽ ንብ አናቢ ተጠርቶ መጣ። ጨለማ ላይ ንብ ብዙም አይበርርም፤ ዝናዋን የሚያውቅ ሰው ሲመሽ ነው የሚነካካት። ከጣሪያው ሥር ባለችው በተሰበረችው የመስኮት መስታወት ነበር ለካ የሚገቡትና የሚወጡት። እኛ ከታች ስናያቸው የጠጅ ቤት ንብ ነው እያልን አልፈናል። ሰውዬው ቀፎውን አሸተተና ሳቀ።

«ማነው በወይራ ያጠነው?»

ሁላችንም ዝም አልን።

«ጥሩ አድርጋችኋል። እኛም ባዶ ቀፎ በወይራ አጥነን ነው መንጋ እንዲገባ የምንሰቅለው። ጧፍ ደግሞ ሰሙ ይሸታል። አደይ አበባው ሲፈነዳ መንጋው ቤት እየፈለገ ነበር፤ አገኘ፤ እናንተ ደግሞ አጠናችሁለት። በየማታው ነው ያጠናችሁት?»

አክስቴ ስለ ክፍያው አነጋገረችው።

ቀፎውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ቁስቋም በኩል ወሰደው። ከመውሰዱ በፊት ግን ጥቂት እንጀራ ማር ቆርጦ ሰጠን። ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር፤ የጠጅ ቤቱ ባለቤት ማሩን ሲያይ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ንቦቹ ሲጠጡ የከረሙት የሱን ጠጅ ነው፤ ስለዚህ ማሩ የሱ ነው። አክስቴ ደግሞ የቤት ኪራይ ጠየቀችው፤ ከመስከረም ጀምሮ። ዘበኛው ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ማሩን ለሁለት ከፈሉት፤ ለሽምግልናቸው ደግሞ ከሁለቱም ወገን አነሱ። እያላመጡም «ንብ መሆናቸውስ ይሁን፤ ማን ላካቸው?» ይላሉ። ከጣሊያኑ ጋር ገና አልጨረሱም።

እኔ ማሩን በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያላመጥኩት። ግራው ከንፈሬ አብጧል። ግራ ዓይኔ ጠፍቷል። ጣቶቼ ተነፋፍተዋል። በማግሥቱ ደግሞ የፋይዳ ምዝገባ ቀጠሮ ነበረኝ።

መዝጋቢዋ ልጅ ካሜራውን አስተካከለች።

«ዓይንህን ግለጥ።»

«ተገልጧል።»

«ሁለተኛውንስ?»

«እሱም እዚያው አለ።»

ጣቴን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ። አላነበበም። ሌላ ጣት ሞከርን። እሱንም አላነበበም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ከንብ ጀምሬ፣ በወይራ አልፌ፣ እስከ ሹሩባው ለማስረዳት ከንፈሬ አልፈቀደም።

«ዛር» አልኳት።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» አለችኝ ወረቀቴን እየመለሰች፤ «ሲወርድልህ።»